መልስ፦ የቱርኩ ሳዝ የክራር ዘመድ ነው?

ጤና ይስጥልኝ። በቱርክ ተከታታይ ድራማ ላይ ያዩት አንገተ ረጅም መሣሪያ የክራር ዘመድ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይደለም። ስሙ ሳዝ ነው፤ ባላማም ይሉታል። ክራር አንገት የለውም። ክሮቹ ከታች ተነሥተው ሁለቱን ቋሚ እንጨቶች ከሚያገናኘው አግዳሚ ጋር ይታሰራሉ። በሳዝ ግን አንዱን ክር አንገቱ ላይ በተለያየ ቦታ በጣት በመጫን ብዙ ድምፅ ማውጣት ይቻላል።

እኔን ሁልጊዜ የሚማርከኝ ይኸው አንገት ነው። ቀረብ ብለው ቢያዩት እንደ ጊታር የጣት መጫኛ ቦታዎችን የሚለይ የተቀበረ ብረት የለውም፤ ቀጭን የናይለን ክር፣ ድሮ ደግሞ አንጀት፣ አንገቱን እየዞረ ተቋጥሮበታል። ባላማ የሚለው ቃልም «ማሰር» ከሚለው የቱርክኛ ግስ የመጣ ነው። ቋጠሮው ስለሚንሸራተት ተጫዋቹ ቦታውን ያስተካክላል፤ በፒያኖ ላይ የማይገኙ ድምፆችም ከዚያ ይወጣሉ።

እውነተኛ ዘመዶቹ የኢራን ሴታርና የካዛክስታን ዶምብራ ናቸው። ሴታር ማለት «ሦስት ክር» ነው፤ ዛሬ ግን አራት ክር አለው፤ የሚመታውም በአመልካች ጣት ጥፍር ነው። ዶምብራ በሁለት ክር ብቻ ይጋልባል።

ከእኛ መሣሪያዎች አንገት ያለው ማሲንቆ ነው፤ ነገር ግን በደጋን ይገረፋል፣ ጣትም ክሩን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ለእኔ ይበልጥ የሚቀራረቡት ሰዎቹ ናቸው። እንደ አዝማሪ ግጥም ከዜማ እያዋሐደ የሚያዜመውን የአናቶሊያ (የቱርክ እስያዊ ክፍል) ባለ ሳዝ «አሺክ» ይሉታል። በልጅነቱ የዓይኑን ብርሃን ያጣው፣ እዚያው አናቶሊያ ውስጥ ያለው የሲቫስ ሰው አሺክ ቬይሰል (1894–1973) ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ማዳመጥ ከፈለጉ ከእሱ ይጀምሩ።