የተናገሩት እና የወለዱት

ጥያቄ (አሳጥረነዋል)፦ የደሴ ከተማ ነዋሪ ነኝ። 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሴት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቷን አቋርጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ካላገባሁ አለች። የላካቸውን ሽማግሌዎች «ይህ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሜዳ ላይ ይጥላታል፤ እሱን ካገባችም እኔ ልጅ የለኝም» ብዬ መለስኳቸው። አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት ልጆች ወልደው ይኖራሉ፤ ደጃፋቸውን ረግጬ አላውቅም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቀርብ ልጁ መኪናውን ይዞ መጥቶ እኔንና ባለቤቴን ደብረ ብርሃን አድርሶናል፤ ያን ጊዜም ጋቢና ተቀምጬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ትንሿ ልጃቸው ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ በግራ እጇ ነው የምትጽፈው አሉ። እኔ ጀማሪ መምህር ሳለሁ እንዲህ ያሉትን ልጆች በቀኝ ካልጻፋችሁ እያልኩ አስጨንቅ ነበር፤ ኋላ ስህተት መሆኑን ሳይ ተውኩት፤ የዛሬዎቹ አስተማሪዎች ምን እንደሚያደርጉ እንጃ። ወደ ጉዳዬ ልመለስና፣ ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ «ገበያ ልውጣ፣ ለቅሶ ልድረስ» እያለች ልጇ ቤት እንደምትውል ደርሼበታለሁ። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት እንዴት ትከዳኛለች? እኔ እንደሆንኩ ሀሳቤን የምቀይር ሰው አይደለሁም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው። እንዴት አድርጌ ላስቁማት?

መልስ፦ ጋሼ፣ በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ እንዲህ ብዬ ልጥራዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቁኝ ስለ ባለቤትዎ ነው፤ ስለ እሳቸው የጻፉት ግን ጥቂት መስመር ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የቀረው ሁሉ ስለ ልጅዎ፣ ስለ አማችዎና ስለ ልጅ ልጆችዎ ነው። ደጃፋቸውን ያልረገጡ ሰው ትንሿ በየትኛው እጇ እንደምትጽፍ እንዴት አወቁ? ባለቤትዎ ነግረውዎት ይሆናል፤ እርስዎም ሰምተዋል፤ ሰምተውም በልብዎ አኑረዋል። እንደ እኔ ግምት የቅዳሜውን ነገር ደረስኩበት ከሚሉት ቀን በፊትም ያውቁት ነበር። ስለዚህ ክህደት የሚለውን ቃል አልቀበልዎትም። «ልጅ የለኝም» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እሳቸው እንዲህ አላሉም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚያንገበግብዎት የእሳቸው መሄድ ሳይሆን የእርስዎ መቅረት ይመስለኛል።

የጠቀሱትን ተረት አከብረዋለሁ። በወሎ ስንቱ ደም የደረቀው፣ ስንቱ ድንበር የታረቀው ሽማግሌ ፊት በተሰጠ ቃል ነው፤ ቃል ባይከበር ኖሮ ማን ከማን ጋር ይኖር ነበር? ነገር ግን ቃል የሚባለው ለሌላ ሰው የተሰጠ አደራ ነው። እሰጣለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ እመጣለሁ ያሉት ሰው ያንን አምኖ ይቀመጣል፤ ቢያጥፉበት ይጎዳል። እርስዎ ያን ቀን ለሽማግሌዎቹ የተናገሩት እንዲህ ያለ ቃል ነበር? «ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይጥላታል» ግምት ነው፤ አባት ተጨንቆ የገመተው ግምት። ቢያጥፉት የሚጎዳ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ቢጠብቁት የሚጎዱትን ግን እኔ ከሩቅ ሆኜ እንኳን አምስት ቆጠርኩ፤ ከእርስዎ ጋር ስድስት።

በወሎ፣ በቃሉ ወረዳና በቆቦ ቆላ ያሉ ገበሬዎች ማሽላ ሊዘሩ አስበው ዝናቡ ሲዘገይባቸው ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ሽምብራ ይዘራሉ። ሰማዩን አይቶ ዘሩን የለወጠን ገበሬ ቃሉን አጠፈ የሚለው የለም። ከገበሬው ርቄ ምን አስኬደኝ፤ እርስዎ ራስዎ በግራ እጃቸው የሚጽፉትን ልጆች ማስገደድ ስህተት መሆኑን ሲያዩ ተውት። ያን ጊዜ ተማሪዎችዎ የናቁዎት አይመስለኝም። ሀሳቤን የምቀይር ሰው አይደለሁም ያሉኝ ሰው በዚያው ደብዳቤ ሀሳባቸውን የቀየሩበትን ቀን ጽፈው ልከውልኛል፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የሚያስደስት ክፍል ነበር።

ታዲያ በክፍል ውስጥ የቻሉት ነገር ቤት ሲደርስ ለምን ከበደ? ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳስረዳው፣ ሰው የሚያምነውና የሚያየው ሲጋጩበት ውስጡ ሰላም ያጣል፤ ሰላሙን ለማግኘትም እምነቱን ከማረም ይልቅ ያየውን ማሳነስ ይቀለዋል። ለእምነቱ ብዙ በከፈለ መጠን ደግሞ መመለሱ የባሰ ይከብደዋል። እርስዎ ከፍለዋል። ልጆቹ ሲወለዱ አልነበሩም፤ የዘጠኝ ዓመት በዓላትን ያለ እነሱ አሳልፈዋል። ዛሬ «ልጁ ደህና ሰው ነው» ካሉ ያ ሁሉ መቅረት ምክንያት አልነበረውም ማለት ይሆናል። የሚያስፈራዎት ይህ ሂሳብ ነው ብዬ አስባለሁ፤ የሰው ወሬ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ብርሃን እስክትደርሱ ድረስ ዝም ያሉት ስለ ልጁ የሚያምኑት ነገር ስላልተለወጠ ነው? እኔ እንደማስበው መሪውን የያዘውን ሰው አጠገቡ ሆነው እያዩ ግምትዎ መሳሳቱን ያወቁት እዚያ ነው፤ አፍዎን ከከፈቱ የሚወጣው ምስጋና እንዳይሆን ፈርተው ነው።

ያለፈውን ሂሳብ ማንም አያወራርድልዎትም፤ እኔም ቀላል ነው አልልም፤ ሲያስቡት ያለቅሱ ይሆናል። ግን በእያንዳንዷ ቅዳሜ እየጨመረ ነው።

ያዘኑበት ነገር ከንቱ ነበር እያልኩም አይደለም። ከመምህር ደመወዝ ቆጥበው ያስተማሯት ልጅ ትምህርቷን ጥላ ስትሄድ የማይጎዳ አባት የለም። ያ ቅሬታ የእርስዎ ነው፤ ሳይጥሉት ለልጁ ያለዎትን ግምት መቀየር ይችላሉ። ሁለቱ ተጣብቀው ስለኖሩ አንድ መስለው ነው እንጂ፣ አንዱ ስለ ልጅዎ ትምህርት፣ ሌላው ስለ አንድ ሰው ጠባይ ነው።

ምን ያድርጉ ለሚለው ብዙ አልናገርም፤ ቤታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በመጀመሪያ ለባለቤትዎ ይንገሯቸው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኔ ሥራ ስጀምር የተጣሉ ቤተሰቦች ተሰብስበው ያለፈውን አንድ በአንድ ካላነሡ እርቅ አይጸናም እያልኩ እመክር ነበር። ብዙ ቤቶች ፊቴ ሲፈርሱ አይቼ ይህን ሀሳቤን ትቻለሁ። ስለዚህ ትልቅ ጉባኤ አይጥሩ። ምናልባት ያን ቀን የመለሷቸው ሽማግሌዎች ካሉ ከእነሱ አንዱን ብቻ ይዘው መሄድ ይቀልዎት ይሆናል። ልጅዎ ወዲያው በደስታ ላትቀበልዎት ትችላለች፤ ልትቆጣም፣ ዝም ልትልም ትችላለች። ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለች፤ እርስዎም ጥቂት ይጠብቁ። ነገሩ እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ ወይም ቢሄዱም ውስጥዎ የማይረጋጋ ከሆነ ደብዳቤ አይበቃም፤ እዚያው ደሴ ሆስፒታል ሄደው የሥነ አእምሮ ባለሙያ ፊት ለፊት ያነጋግሩ፤ ቢቻል ከባለቤትዎ ጋር።

«ምን ብዬ እገባለሁ?» እንደሚሉ ይታየኛል። ቡናው ቀርቦ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፍዎ ላይወጣ ይችላል፤ አያስገድዱት። ትንሿን አጠገብዎ ያስቀምጧትና ደብተሯን ይዩላት። ከዚያ ለእናቷ በግራ እጇ መጻፏን ማንም እንዳይከለክላት፣ እርስዎም አንድ ጊዜ በዚህ ተሳስተው እንደነበር ይንገሯት።