ሳልገዛው የበቀለው ይህ ምንድን ነው? የአኳሪየም ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። «የባሕር ውሃ አኳሪየም ገንዳዬ ውስጥ ያልገዛሁት ነገር በቅሏል፣ ስሙን ንገሪኝ» ነው ነገሩ። ሁሉንም አላዳርስም። አንዱ ደብዳቤ ግን አስደንግጦኛልና እሱ ላይ ረዘም እላለሁ።

ከሲያትል፦ መስታወቱና ድንጋዩ ላይ ሐምራዊ ቅርፊት ወጥቷል። በሽታ ነው?

አይደለም፣ ኮራላይን አልጌ የሚባል እንደ ቅርፊት የሚለጠፍ የባሕር አልጌ ነው። ውሃው እየተስማማ ነው ማለት ነው፣ ደስ ይበልሽ። የፊቱን መስታወት ብቻ ፋቂ፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ተዪው።

ከዱባይ፦ ልጃቸው ከጓደኛው ቁራጭ ኮራል (ተክል ወይም ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ) አግኝቶ ስሙን ማወቅ የፈለገ አባት አራት ፎቶ ልከዋል።

አራቱንም ደጋግሜ አየሁ። ሰማያዊ ብቻ ነው የሚታየኝ። እባካችሁ፣ በሰማያዊ መብራት የተነሳ ፎቶ አትላኩልኝ። በዚያ መብራት ብዙው ኮራል አረንጓዴ ሆኖ ስለሚያበራ ቀለሙ ምንም አይነግረኝም። ነጩን መብራት ያብሩ፣ ፓምፑን ለአምስት ደቂቃ ያጥፉ፣ ስልኩን መስታወቱ ላይ ቀጥ አድርገው ያንሱ። መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም መስታወቱ ላይ ይለጥፉ።

ከዚያ ልጅዎን ያስቆጥሩት። ፖሊፕ የምንላት ያቺ አበባ የምትመስል ትንሽ አፍ ዙሪያዋን ጣቶች አሏት። ጣቶቹ ስምንት ከሆኑና ጠርዛቸው እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ዜንያና ሌዘር ኮራል የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች የሚገቡበት ወገን ነው። ጣቶቹ ላባ ካልሆኑና ከስምንት ከበዙ፣ ብዙ ጊዜም የስድስት ብዜት ከሆኑ፣ የድንጋይ ኮራሎች፣ የዞአንቲዶችና የአኔሞኖች ወገን ነው። ቀጥሎ ሲዘጋ ይዩት። ከሥሩ ነጭ አጽም አለ ወይስ ሥጋ ብቻ ነው? በነዚህ ሁለት መልሶች ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

የድንጋይ ኮራልን ዝርያ እስከ ሙሉ ስሙ ከፎቶ የሚነግራችሁን ሰው ግን አትመኑ። ሙያተኞቹ ሥጋው ተወግዶ የቀረውን አጽም በአጉሊ መነጽር ያያሉ፣ ዲ.ኤን.ኤም ይመረምራሉ። ለእኛ ወገኑን ማወቅ ይበቃናል። የቀረውን ቁራጩን የሰጠውን ልጅ ይጠይቁት።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ አንድ ወንድም ሁለተኛ እጅ ገንዳ ከነድንጋዩ ገዛ። አንዱ ድንጋይ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ቡናማ ነገሮች ተደራርበው ወጥተው እየተባዙ ነው። «ቅዳሜ አውጥቼ የፈላ ውሃ ላፈስበትና በብሩሽ ልፈቀፍቀው ነው፣ ለመሆኑ ስሙ ማን ይሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ በግልም ጽፌልሃለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ። የፈላ ውሃ እንዳታፈስበት። እንዳትፈቀፍቀው።

ዞአንቲድ ከሚባሉት ወገን ነው። ቡናማነቱ፣ ውፍረቱ፣ ሁሉም ከአንድ ወፍራም ሥጋ ላይ ተያይዘው መብቀላቸው ፓሊቶዋ የሚባለው ዓይነት ነው ያሰኘኛል። አጉሊ መነጽር ካለህ በመስታወቱ በኩል አንገቱን ተመልከት። ፓሊቶዋ የአሸዋ ቅንጣት ገላው ውስጥ እየከተተ ነው የሚያድገው፤ የቅርብ ዘመዱ ዞአንተስ እንዲህ አያደርግም። በመጨረሻው ፎቶህ አንገቱ ላይ ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል። አሸዋው መሰለኝ።

አንዳንድ ፓሊቶዋ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ አለው። ከባሕር ከተገኙ መርዞች እጅግ ከበረቱት አንዱ ነው። ሃዋይ ውስጥ፣ ማዊ ደሴት ላይ፣ ሐና የምትባል ቦታ አለች። የአገሬው ሰው ይህን ፍጥረት «ገዳዩ የሐና የባሕር ሣር» ይለው ነበር፤ የጦር ጫፍ ይቀባበት እንደነበርም ይነገራል። ሣር ይባል እንጂ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሙርና ሾየር የተባሉ ተመራማሪዎች መርዙን ለይተው ማውጣታቸውን አሳወቁ።

የፈላ ውሃ ይህን መርዝ አያጠፋውም። መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ተነስቶ ቤቱን ይሞላል፣ አንተም ልጆችህም ትተነፍሱታላችሁ። ብሩሽም እንደዚሁ ይረጨዋል። እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰው ልክ አንተ ያሰብከውን አድርጎ ትንፋሹ ክፉኛ ታውኳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በዋሽንግተን አካባቢ ካሉ የአኳሪየም ሱቆች ናሙና ገዝተው መርምረው ውጤቱን በ2011 አሳትመዋል። ብዙ መርዝ ያገኙት ቡናማዎቹ ፓሊቶዋዎች ውስጥ ነው። አላስካም ውስጥ ከ2012 እስከ 2014 በሱቅም በመኖሪያ ቤትም ሰዎች ታመዋል። የትኛው መርዝ እንዳለው በዓይን አይለይም። ስለዚህ ሁሉንም እንዳለው ቁጠረው።

ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ ከተቀመጠ አያሰጋህም። ካልፈለግከው ግን ድንጋዩን እንዳለ አስወግደው። ጓንት አድርግ፣ ዓይንህን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር አድርግ፣ ልጆቹን ከክፍሉ አስወጣ። በገንዳው ውሃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ አጥልቀህ፣ ሳትሰብረው ደጅ አውጣው። ደጅ ላይ በዘጠኝ እጅ ውሃ አንድ እጅ በረኪና ሂሳብ ጨምርበት። በረኪና መርዙን ያከሽፈዋል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ከዚያ ጣለው። ወጥ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታድርገው። በረኪናውን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ነገር ጋር አታቀላቅል።

እስካሁን ነካክተኸው ከሆነ ይህን በደንብ ስማኝ። አፍህን ብረት ብረት ካለህ፣ ብርድ ብርድ ካለህ፣ ካሳለህ፣ ጡንቻህን ከቆረጠመህ ወይም ዓይንህ ከቀላ ጉንፋን ነው ብለህ አትተኛ። ትንፋሽ ካጠረህ ወዲያው 911 ደውል። ለሌላው የአሜሪካ የመርዝ መረጃ መስመር 1-800-222-1222 ሌት ተቀን ይሠራል፤ አስተርጓሚ ጠይቅ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ «ቤቴ የባሕር አኳሪየም አለ፣ ፓሊቶክሲን ሊሆን ይችላል» በለው። ካልነገርከው ላያስበው ይችላል። መርዙ ማርከሻ የለውም፣ ስለዚህ ሰዓት አትግደል።

እኔ ለዓመታት ዞአንቲድ በባዶ እጄ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ሲሸጡልኝ አንድም ሰው አልነገረኝም። ዛሬ ያለ ጓንት እጄን ገንዳ ውስጥ አልከትም።

ከስቶክሆልም፦ የሻይ ቀለም ያለው፣ ቀጭን አበባ የሚመስል ነገር ነው፣ ስነካው ሽው ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። በምላጭ ቆረጥኩት፣ አሁን ሰባት ሆነ።

አይፕታዥያ ይባላል፣ አኔሞን እንጂ ኮራል አይደለም። ከእግሩ የቀረች ቁራጭ ራሷን ችላ ታድጋለች፣ ስለዚህ ምላጩን አስቀምጪው። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ብዙ ጊዜ ይበላዋል። በርጊያ የምትባል ቅርፊት የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ ደግሞ ከእሱ ሌላ ምግብ አታውቅም።

ከአሽዶድ፦ ፓምፑ ላይ ምስር የምታህል ሮዝ ነጥብ ነበረች፣ አሁን ቅርንጫፍ አወጣች። ከየት መጣች? ደግሞስ ከኤላት ቁራጭ ባመጣ ምን አለበት?

ገንዳህ ማዶ ስታይሎፎራ የሚባል ሮዝ ኮራል እንዳለህ ጽፈሃል። ልጁ ናት። ስታይሎፎራ እጩን፣ ማለትም ገና ቅርጽ ያልያዘች ልጁን፣ ሆዱ ውስጥ አሳድጎ ነው የሚለቀው። እጩ ትዋኝና የተመቻት ቦታ ትጣበቃለች፣ ከዚያ አጽሟን መሥራት ትጀምራለች። ገንዳ ውስጥ ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ፓምፑን ስታጥብ ተጠንቀቅላት። ይህ ኮራል ከኤላት እስከ ምጽዋ ቀይ ባሕር ውስጥ ይገኛል። ከኤላት ግን ጠጠር የምታህል ቁራጭ እንኳን እንዳታመጣ። በሕግ የተጠበቀ ነው፣ መጠበቅም ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ፦ የአፋር ጨው በቧንቧ ውሃ ብበጠብጥ ኮራል ይኖርበታል?

አይኖርበትም። ካልሲየሙም ማግኒዥየሙም በልክ ያለበት፣ ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ያስፈልግሃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የ14 ዓመት ልጅ ናት። ድንጋዩ ላይ ሰሊጥ የምታህል ነጭ ነገር አይታ «ኮራል ነው?» ትላለች።

የኔ ቆንጆ፣ ገና አይታወቅም። አትንኪው። እሑድ እሑድ ከአንድ ቦታ ሆነሽ ፎቶ አንሺው፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በእጅ ባትሪ እዪው። ጣት ሲያወጣ ቆጥረሽ ጻፊልኝ።