«ከንቲባው ተመረጡ» ሲባል መራጩ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የውጭ ዜና ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለሬዲዮ አዘጋጃለሁ። በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ከተሞች ከንቲባቸውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ሳይሆን ነዋሪው ራሱ ነው። ይህን ስጽፍ አንዱ ባልደረባዬ «ቀጥተኛ ከንቲባ» በል ይለኛል፤ ሌላው «በቀጥታ የተመረጠ» ይሻላል ይላል፤ አለቃችን ደግሞ «ከንቲባው ተመረጡ» ካልክ ይበቃል ባይ ናቸው። የቱን ልያዝ? ከንቲባዋ ሴት ስትሆንስ እንዴት ልበል?

መልስ፦ «ቀጥተኛ ከንቲባ» የሚለውን አሁኑኑ ይጣሉት። ቀጥተኛ ሰው ማለት የማያጭበረብር፣ ሆዱና አፉ አንድ የሆነ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ከንቲባ ቢገኝ እሰየው፤ ነገር ግን ዜናው ስለ አመራረጡ እንጂ ስለ ጠባዩ አይደለም። «በቀጥታ የተመረጠ» በሕግ መጽሐፍ ላይ ያስኬዳል። በሬዲዮ ግን «ከንቲባው ዛሬ በቀጥታ ተመረጡ» ቢሉ አድማጭዎ የቀጥታ ስርጭት ይመስለዋል፤ ወይም ሳይውል ሳያድር፣ ያለ ክርክር የተመረጡ አድርጎ ይሰማዋል።

የአለቃዎ ነገር ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። «ተመረጠ» ማን መረጠው የሚለውን የሚሸሽግ ግስ ነው። አማርኛችን በዚህ ዓይነት ግስ ሲናገር መራጩን ከዓረፍተ ነገሩ ቢያስወጣው ምንም የጎደለ አይመስልም። የሁለቱ አሠራር ልዩነት ያለው ደግሞ መራጩ ላይ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የከተማው ሕዝብ የሚመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው፤ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ታከለ ኡማ በ2010 ዓ.ም. የአዲስ አበባን አስተዳደር ሲረከቡ የምክር ቤት አባል ስላልነበሩ ማዕረጋቸው «ምክትል ከንቲባ» የተባለው ለዚህ ነው፤ ከበላያቸው ከንቲባ የሌለ ምክትል ሆኑ። እንግሊዞች ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሕግ መሠረት ዋትፎርድን፣ ቤድፎርድንና ዶንካስተርን የመሳሰሉ ከተሞች ለከንቲባው ለብቻው ድምፅ የሚሰጥበት ወረቀት አዘጋጁ። እንዲህ የተመረጠ ከንቲባ የአራት ዓመት ዘመኑን ምክር ቤቱ ቢጠላውም ይጨርሳል፤ ያቀረበውን በጀት ለመለወጥ እንኳ የምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለቱንም «ተመረጡ» ብለው ካለፉ አድማጩ ይህን ሁሉ በምን ያውቃል?

ስለዚህ መራጩን ባለቤት ያድርጉት፦ «የዋትፎርድ ነዋሪዎች ከንቲባቸውን መረጡ»፤ «ነዋሪው ራሱ የመረጠው ከንቲባ»። በዕድርና በማኅበር የምንነጋገረው እኮ እንዲህ ነው። የዕድሩ ሰው «እገሌን ዳኛ አደረግነው» ይላል፤ ሲከፋውም «ከዳኝነቱ አወረድነው» ይላል። «ዳኛው ተመረጠ» የሚለው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ብቻ ነው።

የግድ «ተመረጠ»ን የሚጠቀሙ ከሆነ «በ»ን እና «ከ»ን ይጠንቀቁ። «ከነዋሪው ተመረጠ» ማለት ከነዋሪዎቹ አንዱ ነው ማለት እንጂ ነዋሪው መረጠው ማለት አይደለም። «በምክር ቤቱ ተመረጠ» ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ ምክር ቤቱ መራጭ ነው ወይስ ምርጫው የተደረገበት አዳራሽ ነው? ለዋሸራ ባለቅኔ እንዲህ ያለው ኅብር ሀብት ነው፤ ለዜና ጸሐፊ ግን ዕዳ ነው።

ወደ ሌላው ወጥመድ ልምጣ፤ «ምርጫ» ራሱ። እስከ እ.ኤ.አ. 2022ቱ ሕግ ድረስ እንግሊዛዊው መራጭ በከንቲባ ውድድር አንደኛ የሚፈልገውንም ሁለተኛ የሚፈልገውንም በአንድ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱ መሪዎች ይቀሩና የሌሎቹ ደጋፊዎች ሁለተኛ ያሉት ይቆጠራል። ይህን «ሁለተኛ ምርጫ» ብለው ቢተረጉሙት አድማጩ ሕዝቡ ሌላ ቀን ተመልሶ የወጣ ይመስለዋል። «ሁለተኛ ተመራጭ ያሉት ዕጩ» ይበሉ። 2022 ላይ ይህ ቀርቶ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ተባለ። እዚህ ጋ «አብላጫ ድምፅ» ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ሦስት ዕጩዎች 40፣ 35 እና 25 ከመቶ ቢያገኙ ባለ 40ው አብላጫ ድምፅ አለው፣ ግማሽ ግን የለውም። «ከግማሽ በላይ» ማለት ሲፈልጉ እንደዚያው ብለው ይጻፉት።

በእንግሊዝ ሌላም ከንቲባ አለ፤ ምክር ቤቱ በየዓመቱ የሚሰይመው፣ የወርቅ ሰንሰለት አንገቱ ላይ አድርጎ ስብሰባ የሚመራና በዓል የሚያደምቅ። ይህን «የክብር ከንቲባ» ሲሉ እሰማለሁ። የክብር ዶክተር እንደሚባለው፣ ለውለታው ማዕረግ የተቸረው ሰው ስለሚመስል አልወደውም። «የምክር ቤቱ ሰብሳቢ» ቢባል ሥራውን ይገልጠዋል።

እኛማ ከንቲባ ስንል ሹመት ትዝ ይለናል። የጎንደር ከተማ ገዥ መጠሪያ የነበረ ማዕረግ ነው፤ እንደ ደጃዝማች ከስም ፊት ይቀድም ነበር፤ «ከንቲባ ገብሩ ደስታ» እንደሚባለው። ዛሬም ለተመረጠው ሁሉ «ሹመት ያዳብር» እንላለን፤ ለምርጫ የተበጀ ምርቃት ገና የለንም። ሃርትልፑል የምትባለው የእንግሊዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 የመረጠችው ስቱዋርት ድራመንድ የእግር ኳስ ቡድኗን መለያ የዝንጀሮ ልብስ ለብሶ ደጋፊ የሚያስቅ ወጣት ነበር፤ ለተማሪዎች ነፃ ሙዝ አቀርባለሁ ብሎ ተወዳደረ፣ አሸነፈ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ተመረጠ። ከተማዋ ይህን ሥልጣን የተወችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ለዚህ ሰው «ተሾመ» ብለው ቢጽፉ ማን እንደሾመው ይጠይቁዎታል፤ እርስዎም መልስ የለዎትም።

ስለ ሴቷ ለጠየቁኝ፦ «ከንቲባ» የሴት ቅርጽ አላወጣም፤ እንደ «መምህርት» «ከንቲብት» ልበል ቢሉ ማንም አይከተልዎትም። ጾታውን የሚሸከመው መድረሻው ነው፤ «ከንቲባዋ»። ግሱን በአክብሮት ሲያደርጉት ጾታው ይጠፋል፤ «ከንቲባዋ አስታወቁ» ማለት ስሕተት አይደለም፣ ጋዜጦቹም እንዲሁ ይጽፋሉ። «ልጂቱ»፣ «ላሚቱ» ለምንል ለእኛ ለጎጃሞች «ከንቲባይቱ» አፍ ላይ ቢመጣም ለዜና «ከንቲባዋ» ይሻልዎታል።