የእኔም ልጅ ከፕላምፒናት በኋላ ኪሎው ቆሞ ነበር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጊዜ ነው የታወሰኝ። ልጅሽ ፕላምፒናቷን (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠውን የለውዝ ልቁጥ) ጨርሳ ከጤና ጣቢያ ወጣች፤ ጠዋት ማታ የምጥን አጥሚት ትሰጫታለሽ፤ ኪሎዋ ግን ፈቀቅ አላለም። ፋርማሲ ደግሞ «የአሚኖ አሲድ ሽሮፕ ያስፈልጋታል» አሉሽ። በኔ ይሁንብሽ፣ በብሩ እንቁላል ግዢበት።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ልጄ በ1 ዓመት ከ4 ወሩ እግሩ አብጦ ሆስፒታል ተኛ። መጀመሪያ የሰጡት ኤፍ 75 የሚሉት ወተት ቀጠነብኝና «ይሄ ምን ያጠግበዋል?» ብዬ ነርሷን ተቆጣኋት። ለካ ሆን ተብሎ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ፕሮቲኑ 1 ግራም ገደማ ነው፤ የተጎዳ ጉበት ከዚያ በላይ አይችልም። እብጠቱ ሲጎድልና መብላት ሲያምረው ወደ ኤፍ 100 አዛወሩት፤ እሱ ወደ 3 ግራም ይጠጋል።

የተሳሳትኩት ቤት ስንገባ ነው። ፕላምፒናት ለውዝ ብቻ አይደለም፣ የወተት ዱቄትም አለበት። የኔ ምጥን ግን ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ በቆሎ፤ ስሙ ብቻ ምጥን፣ ሁሉም እህል። ያቺው የተቆጣኋት ነርስ ለክትትል ስመለስ ሳቀችብኝ። «ድስት በሁለት ጉልቻ ይቆማል እንዴ?» አለችኝ። አሚኖ አሲድ ማለት ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ነው፤ ሰውነት ራሱ የማይሠራቸው፣ ከምግብ የሚጠብቃቸው 9 ናቸው። ከነሱ እህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የሚባለው ነው። እሱ ካነሰ ሌሎቹ ቢተርፉም ሥጋ አይሆኑም፤ እንደ ማገዶ ይነዳሉ። ቶሎ ቶሎ ማደግ ላለበት ልጅ ይሄ ከባድ ነው። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ላይሲን አላቸው፤ የሚያጥራቸውን ሜቲዮኒን የሚባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ደግሞ እህሉ ይሞላል። ሽሮ በእንጀራ ዝም ብሎ አልተጋባም (ሽሮው ውሃ ካልሆነ!)።

ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት የምወስደው ሁለት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ክክ ነው። ባቄላውን አሳድሬ እዘፈዝፈዋለሁ፣ እፈትገዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ። አቆላሉን ልብ በይ! አማቴ ገብሱን ቡና እስኪመስል ነበር የምታምሰው። ሽታው ያውዳል፣ እውነት ነው፤ ግን ሲጠቁር ላይሲኑ ይጎዳል። ፈካ ሲልና ሲሸት አውርጂው።

እንቁላሏን ቀቅለሽ ገንፎው ላይ ፍርፍር አድርጊላት። የአበሻ እንቁላል ትንሽ ብትሆንም 4 ግራም ፕሮቲን አታጣም፤ ዘጠኙም አሉባት። ወተት ካገኘሽ አጥሚቱን በሱ አቅጥኚው። በጾም ድስቱ ይነካል የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ እኔ ለልጄ ለብቻው ትንሽ ብረት ድስት ገዛሁለትና ተገላገልኩ።

እግሯ ካበጠ፣ ምግብ እምቢ ካለች ወይ ከቀነሰች ግን ገንፎ ሳታገነፊ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ። ለመሆኑ የክንዷን ዙሪያ ሲለኩላት ስንት መጣ? ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ዛሬውኑ ውሰጃት።