ግብርና ምህንድስና ለደረሰሽ እህቴ፦ አትቀይሪ፣ ግን ሬጅስትራሩን ነቅተሽ ጠብቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ሲቪል ሞልቼ ግብርና ምህንድስና ደረሰኝ። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ሃይድሮሊክስ ከብዶኛል። ዲፓርትመንት ልቀይር ወይስ ልቀጥል? ከቀጠልኩስ ምን ላይ ላተኩር?» ነው ያልሽው። እኔም እንዳንቺው ሲቪል ሞልቼ ነው እዚያ የገባሁት። ዛሬ የመስኖ ዲዛይን እሠራለሁ፣ እንጀራዬን የምበላውም በዚሁ ትምህርት ነው። ስለዚህ አትቀይሪ።

«ትራክተር ለመንዳት ነው እንዴ አምስት ዓመት የምትማሩት?» የሚሉሽን አትስሚያቸው። እኛንም ብለውናል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያኔ ዓለማያ ተብሎ ከኦክላሆማ ጋር በመተባበር ሲጀመር፣ ስሙ ራሱ የእርሻና የሜካኒካል ጥበባት ኮሌጅ ነበር። ምህንድስናው ግብርናው ላይ ዛሬ የተለጠፈ ነገር አይደለም። ደግሞ ስታቲክሱን፣ ስትሬንግዙን፣ ሰርቬይንጉን፣ ፍሉይድ ሜካኒክሱን ሲቪሎች የሚማሩትን አንቺም ተምረሻል። እነሱ የማይማሩት አፈሩ፣ ተክሉና ውሃው እንዴት እንደሚገናኙ ነው። እሱ ያንቺ ነው።

አሁን ወደ ምክሩ።

1. ከጂፒኤ በፊት የኮርሶቹን ሰንሰለት እዪ። ፍሉይድ ሜካኒክስ ካልታለፈ ሃይድሮሊክስን (የውሃ ፍሰት ስሌቱን) ይይዛል። ሃይድሮሊክስ ካልታለፈ መስኖና ድሬኔጁን (ትርፍ ውሃ ማውጣቱን) ይይዛል። ሃይድሮሎጂ ካልተወሰደ የአፈርና ውሃ ጥበቃው ዲዛይን አይገባም። አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። አንዱ ከተሰበረ ሴሚስተር ሳይሆን ዓመት ነው የሚሄደው።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። የፍሉይድ ሜካኒክስ ፋይናል ተፈትኜ፣ አቴንዳንስ ላይ ፈርሜ፣ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። ስመለስ ግሬድ ሪፖርቴ ላይ «ኤንጂ» ይላል። ግሬድ የለም ማለት ነው። መምህሩ ለትምህርት ውጭ ሄዷል። ዲፓርትመንት ሄድኩ፤ «ሬጅስትራር ጠይቅ» አሉኝ። ሬጅስትራር ሄድኩ፤ «ዲፓርትመንት ጠይቅ» አሉኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎም አላየኝም። «ግሬድ የምንሰጠው እኛ አይደለንም፤ ሂድና አስተማሪህን ፈልግ» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ሁሉ ሰምተዋል። ያ ንግግሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። አስተማሪዬን ባሕር ተሻግሬ ልፈልገው ነው?

በዚያ ላይ ኤንጂ በጊዜው ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ይቀየራል። ሃይድሮሊክስ ልመዘገብ ስል ፕሪሪኩዚቱን (አስቀድሞ መታለፍ ያለበትን ኮርስ) አላሟላህም ተባልኩ። ባቼ (አብረውኝ የገቡት ልጆች) ጥሎኝ ሄደ። ሙሉ ጭነት ስላልያዝኩ ዶርም የለህም ተባልኩ። ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቼ፣ አባቴ በሬ ሸጦ በላከልኝ ብር ዓመቱን ገፋሁት።

ያዳነኝ ምን መሰለሽ? የክፍል ተወካያችን የፈተናውን ቀን አቴንዳንስ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር። ፊርማዬ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱን አያይዤ ለዲኑ ማመልከቻ አስገባሁ። ከዚያ የፈተና ወረቀቴ ዲፓርትመንቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ታርሟል! ቢ ፕላስ ነበር። ወደ ሲስተም የሚያስገባው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም።

ስለዚህ ግሬድሽን ሳታዪ ከግቢ አትውጪ። ማመልከቻ ስትጽፊ ሁለት ኮፒ አድርጊ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊና ባንቺ ኮፒ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቺ። በአፍ የተነገረሽን ነገር ነገ ማንም አያስታውሰውም። «እሺ፣ እናየዋለን» ካሉሽ ቆመሽ ቁጥሩን ጠብቂ።

2. ሃይድሮሊክስን በፎርሙላ አትጀምሪው። በቦይ የሚሄደውን ውሃ ፍጥነት የሚያሰላውን የማኒንግን ቀመር ሁሉም ሸምድዶታል። ግን ያ «ኤን» የምትለዋ ቁጥር ምን እንደሆነች ስንቱ ያውቃል? የቦዩ ሻካራነት ናት። አንድ የመስኖ ቦይ ዳር ሄደሽ ቁሚ። ንጹሕ የአፈር ቦይ 0.025 አካባቢ ነው። በደንብ የተለሰነ ኮንክሪት 0.015 ቢሆን ነው። ሣር የወረሰው ቦይ ግን ከሁለቱም በጣም ይበልጣል። ቁጥሯ እጥፍ ስትሆን፣ ቁልቁለቱና የውሃው ጥልቀት እንዳለ ሆኖ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ያው ውሃ ለማለፍ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ዳሩን ጥሶ ይፈሳል። ሥራ ላይ ስትወጪ ገበሬው የሚጣራሽ ለዚህ ነው። ይህን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ቀመሩ ራሱ ይቀልልሻል። የኔ ክፍል ልጆች ከመጽሐፉ ሳይሆን ከቦዩ ነው የገባቸው።

3. የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ከጂሲዎች (ከተመራቂዎቹ) ፍላሽ አትውሰጂ። ስም ቀይሮ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ብዙዎቹም አልፈውበታል። አንቺ ግን ራስሽ ለኪ። እኔ የለካሁት የዋልካ አፈር ውሃ የማስረግ ፍጥነት ነው። ሁለት የብረት ቀለበት፣ ትልቁ 60 ሳንቲሜትር፣ ውስጠኛው 30። ከላያቸው ጣውላ አጋድመሽ በመዶሻ ትመቻለሽ፣ አንዱ ጎን ብቻ እንዳይሰምጥ። ውሃ ስትጨምሪ አፈሩ እንዳይታወክ ታች ፕላስቲክ ታነጥፊያለሽ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ትስቢዋለሽ። ማስመሪያውን ውስጠኛው ላይ ታቆሚያለሽ። መጀመሪያ ላይ ውሃው እልም ይላል። የዋልካ ስንጥቅ ነው የሚጠጣው። ከዚያ አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ማስመሪያው ላይ ያለው መስመር አልንቀሳቀስ ይላል። ብዙ ተማሪ መጀመሪያ ያገኘውን ቁጥር ጽፎ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። የሚፈለገው ግን የመጨረሻው፣ የረጋው ፍጥነት ነው። ለሸክላማ አፈር በሰዓት ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ፈሰስ (ውሃ በሰብሉ መስመር መካከል የሚሄድበትን ትንሽ ቦይ) ከነደፍሽ ማሳው ውሃ ተኝቶበት ይከርማል።

ዲፌንስ ላይ፣ ፕሮጀክቴን ፈታኞች ፊት ሳቀርብ፣ ፈታኙ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ጭቃ የነካውን የመስክ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ገጽ በገጽ አገላበጠና ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ያን ቀን ያ የጠፋው ዓመት ሁሉ ተረሳኝ።

የሰብል ውሃ ፍላጎት የምትሠሪ ከሆነ ክሮፕዋት የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ከፋኦ (ከተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት) አውርጂው። ከሥሩ ያለውን ስሌት ግን በ1998 እ.ኤ.አ. ከወጣው የፋኦ 56ኛ ቁጥር የመስኖና ድሬኔጅ ሰነድ አንብቢ። ፔንማን ሞንቲዝን (ከአፈርና ከተክል የሚተነውን ውሃ የሚያሰላውን ቀመር) ቁልፍ ተጭኖ ያወጣና የገባው ሰው ፈታኝ ፊት ይለያያሉ።

ስለ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተናው) አትጨነቂ፣ ግን አትርሺው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለሱ ምረቃ የለም፤ ማለፊያው 50 ነው። ለፈተናው ስለሚያስፈልግሽ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ሃንድአውትሽን ጁኒየር ስለለመነሽ አትስጪ፣ ኮፒ ያድርጉ። እኔ ባለሁበት መሥሪያ ቤት ኢንተርንሺፕ የመጡ ልጆች በመጨረሻው ዓመት ሃንድአውት ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቻለሁ።

ኢንተርንሺፑን በተመለከተ፣ ደብዳቤውን ሌሎቹ ሳይሯሯጡ በፊት አውጪ። እኔ የተላክሁበት ቢሮ መጀመሪያ ላይ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሱኝ ነበር የከረሙት። ኃላፊውን ቀርቤ «መስክ ካልወሰዳችሁኝ ሪፖርቴ ላይ ምን እጽፋለሁ?» ካልኩ በኋላ ነው መኪና ውስጥ ቦታ የተገኘልኝ። ውሃ ላይ ከሆንሽ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ጥሩ ነው። 7,000 ሄክታር የሚያለማ ነው፤ ግድቡን፣ ዋናውን ቦይ፣ ገበሬው ማሳ ድረስ የሚደርሰውን ሁሉ በአንድ ቦታ ታያለሽ። የስኳር አገዳ ፈሰስ ማየት ከፈለግሽ ወንጂ አለ። ልብሽ ወደ ማሽነሪው ካዘነበለ ደግሞ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሂጂ፤ የእርሻ መሣሪያ ሲሠራና ሲፈተሽ የምታዪበት ቦታ ነው።

የዘንድሮውን የኮርስ ዝርዝራችሁን ላኪልኝ። በተለይ የመጀመሪያውን ሴሚስተር። ሃይድሮሊክሱን እንደገና መውሰድ ካለብሽ የትኛው ኮርስ እንደሚታገድብሽና የትኛውን አሁን መውሰድ እንደምትችዪ ከአድ ድሮፑ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻው) ቀን በፊት አብረን እናየዋለን።