«ፍላሹ አያነብም» ለሚባልበት ቀን

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዛሬ ሊኑክስ የምትማሩ ልጆች ስትበዙ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ከእኔ ስህተት የምትተርፉበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ መሐል ሜዳ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ተጠራሁ። ኤክስተርናል ሀርድ ዲስካቸው አልታይ ብሏል። ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት፤ አልሆነም። ሲስተሙ ተበላሽቷል ብዬ የሚሠሩበትን የሊኑክስ ዓይነት፣ ኡቡንቱውን፣ እንደ አዲስ ጫንኩት። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው የሦስት ወር መዝገብ አብሮ ጠፋ። ዲስኩ ግን ያው ነው፣ አልታየም። አመሻሽ ላይ ገመዱን በሌላ ብቀይረው ወዲያው ታየ። መዝገቡን የምትይዘው እህት አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ካርቶኗን አውርዳ፣ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ከወረቀቱ ላይ እንደገና መጻፍ ጀመረች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹን የሚያዘው የሊኑክስ እምብርት፣ የሚለውን ሳልሰማ ምንም አልነካም። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ክፈቱ፤ ሱዶ ብላችሁ ዲሜሴጅን ከሰረዝ ዳብልዩ ጋር (sudo dmesg -w) ጻፉና ክፍት ተዉት፤ የከርነሉን መልእክት በየቅጽበቱ ያሳያችኋል። አሁን ዕቃውን ሰኩት፤ ዓይናችሁ ከስክሪኑ አይነቀል።

አንድም መስመር ካልመጣ ኮምፒውተሩ የተሰካ ነገር መኖሩንም አላወቀም። ስለ ድራይቨር፣ ዕቃውን ስለሚያሠራው ፕሮግራም፣ ለማሰብ ገና ነው። በዩኤስቢ 2 አንድ ዕቃ መምጣቱ የሚታወቀው ከሁለቱ የዳታ ሽቦዎች የአንዱን ቮልቴጅ በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፍ ሲያደርገው ነው። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ እነዚያ ሽቦዎች ጭራሽ የሉትም። መብራቱ ቦግ ይላል፣ ስልኩ ኃይል ይሞላል፤ ዳታ ግን አያልፍም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

መስመር መጥቶ ኤረር −71 ካለ ንግግሩ ተጀምሮ መሀል ላይ ተበላሽቷል። −110 ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠይቆ፣ መልስ ሲጠብቅ ጊዜው አልፎበታል። በሁለቱም መጀመሪያ የምጠረጥረው ገመዱን፣ ፖርቱንና ኃይሉን ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ነቅላችሁ ከኋላ ሰኩት፤ የኋላው ፖርት ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ነው፣ የፊቱ ግን በውስጥ ሽቦ ዞሮ ይመጣል። የሚሽከረከር ዲስክ ሲነሣ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። የዩኤስቢ 2 ፖርት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው። የራሱ ኃይል የሌለው ሀብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚከፍል ዕቃ) ላይ ኪቦርድ፣ ማውስና ዲስክ ደርድራችሁ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ እያለ ቢጠፋ አትደነቁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። ዕቃው የት ድረስ እንደደረሰ ለዩ። የዩኤስቢ ዕቃዎችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ በኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) ላይ ታይቶ፣ ዲስኮችን በሚዘረዝረው በኤልኤስቢኤልኬ (lsblk) ላይ ከሌለ፣ ኮምፒውተሩ ዕቃውን አውቆታል፤ ዲስክ አድርጎ ግን አልተቀበለውም። ያኔ ነው ድራይቨሩን ወይም የዲስኩን ጤና የምትመረምሩት። ኤልኤስቢኤልኬ ላይም ካለ ገመዱን ተዉት፤ ችግሩ ማውንት ላይ፣ ዲስኩን ከፍቶ ፋይሎቹን ማሳየቱ ላይ፣ ነው። በፋስት ስታርታፕ (ቶሎ ለመነሣት ሲል ሙሉ በሙሉ በማይዘጋበት መንገድ) የተዘጋ ዊንዶውስ፣ በራሱ የፋይል አደረጃጀት በኤንቲኤፍኤስ የተሠራውን ዲስክ በደንብ ሳይለቀው ስለሚቀር፣ ሊኑክስ ለመጻፍ አልከፍትም ይላል። መፍትሔው ዲስኩን እዚያው ዊንዶውስ ላይ መልሶ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው።

ከአንኮበር ወይም ከመንዝ ተሳፍሮ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልሎ ለመጣ ሰው «ፎርማት ይፈልጋል» ከማለታችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለና ሌላ ቅጂ እንዳለው ጠይቁት። ቅጂ ከሌለው፣ ዲስኩም የንባብ ስህተት እያወጣ ከሆነ፣ ከተጎዳ ዲስክ መረጃ በሚገለብጠው ፕሮግራም በዲዲረስኪው (ddrescue) ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡት። ሙከራችሁን ግልባጩ ላይ አድርጉ።