«ዕውር» ልበል ወይስ «ዓይነ ስውር»?

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን አዲስ የተቀጠሩት የሕግ ባለሙያ ዓይነ ስውር ናቸው። «ዓይነ ስውሩ የሕግ ባለሙያ» ብዬ ስጠራቸው አንዷ ባልደረባዬ «ማየት የተሳናቸው በል እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ። ሌላው ደግሞ «ዕውር ማለት ምን ነውር አለው? መጽሐፍ ቅዱስ ላይም አለ» ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እርስዎም ልክ ነዎት፣ እሷም ልክ ናት። «ዓይነ ስውር» ስድብ አይደለም። የራሳቸው ማኅበር እንኳ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ነው የሚባለው። «ማየት የተሳናቸው»ም ጥሩ ነው።

«ዕውር» ግን ይቅር። እርግጥ የማርቆስ ወንጌል በርጤሜዎስን «ዕውሩ» ይለዋል፣ እዚያ ቃሉ መጠሪያ እንጂ ስድብ አይደለም። ዛሬ ግን የት ነው የምንሰማው? ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መንገድ የሚያቋርጠውን ሰው «ዕውር ነህ እንዴ!» ሲለው ነው። አንድ ቃል በየቀኑ ለስድብ ሲያገለግል ከርሞ በማግስቱ ለክብር ሰው መጠሪያ ልናደርገው አንችልም። «ደንቆሮ»ም እንደዚያው ነው፣ አላዋቂ ማለት ከሆነ ስንት ዘመኑ። «መስማት የተሳነው» እንበል። «ዲዳ»ማ ጭራሽ ስህተት ነው፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚያስተምረው ሙሉ ቋንቋ ነው፣ በእሱ የሚያወራ ሰው እንዴት ዲዳ ይባላል?

እኔን ግን ከስሙ ይልቅ ግሱ ያሳስበኛል። ሃምሳውን ያለፉ፣ ሱፍ የለበሱ ዓይነ ስውር ሰው ከወንድማቸው ልጅ ጋር ምግብ ቤት ይገባሉ። አስተናጋጁ ወደ ልጁ ዞሮ «ምን ይብላ?» ይላል። እሳቸው እዚያው ተቀምጠው እየሰሙ! ለሌላ እኩያቸው ቢሆን «ምን ልታዘዝ?» ብሎ ጎንበስ ይል ነበር። እዚህ ላይ ሰውየው ሁለት ነገር ተነጥቀዋል፤ ስለ ራሳቸው መጠየቃቸውንና አንቱታውን። በአማርኛ አንቱታ ቀላል ነገር አይደለም፣ አንድን ትልቅ ሰው ልጅ ለማድረግ «ይብሉ»ን «ይብላ» ማለት ይበቃል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ «ማየት የተሳነው» ማለት አያቅታቸውም።

ወደ ቢሮዎ ስንመለስ፣ «ዓይነ ስውሩ» የሚለው ለምን አስፈለገ? ሰነድ በብሬል ወይም በኮምፒውተር ድምፅ በሚነበብ ፋይል ይዘጋጅላቸው ለማለት ከሆነ ይግለጹት። ፊርማ ፈልገው ከሆነ ግን በስማቸው ይጥሯቸው፣ ስም አላቸው። በስብሰባም «የዕውር ድንብር ውሳኔ» ከማለት «ያልተጣራ ውሳኔ» ማለት ይሻላል፣ ሐሳቡም ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

«ነገ እንተያያለን» ብለዋቸው ከሆነ ግን አይሸማቀቁ፣ ይቅርታም አይጠይቁ። ብዙ ዓይነ ስውራን ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሰናበቱት።